ጋቢና የሌለው ክዋድ

በር እያንኳኩ የሚሸጡ የዴን ሃግ ሻጮች ባዩን ከገዛ ዘመዶቻቸው የበለጠ ያውቁታል። ባዩ የሚኖርበት ሙርዋይክ ሰፈር ሲደርሱ ፎቁን በጣት እያሳዩ «ሦስተኛው ላይ አንድ የተባረከ ሰው አለ» ሳይባባሉ አይቀሩም። የመብራት ድርጅት በየወቅቱ ይቀይራል፤ ምክንያቱም በየወቅቱ የሚመጣውን ሻጭ ዝናብ መትቶት ያገኘዋል። የሁለት ጂም ቤት አባል ነው፤ የአንዱንም በር ከውስጥ በኩል አይቶት አያውቅም። ማንበብ የማይችለው የሆላንድኛ ጋዜጣ በየማለዳው ይመጣለታል። መጽሐፍ ቅዱስ ሊያስተምሩት የመጡ ሁለት ሆላንዳውያን ሴቶች ደግሞ አሉ። በመጀመሪያው ቀን ሻይ አፍልቶ ካጠጣቸው በኋላ «እስቲ አስብበታለሁ» ብሎ ሸኛቸው። ይኸው ልጁ ሳሌም የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ በየሳምንቱ እየመጡ፣ ሻይ እየጠጡ፣ አስቦ እስኪጨርስ ይጠብቁታል። አንደኛዋ ልጇን ስትድር ጠርታው ነበር፤ እምቢ ማለት ከብዶት ሄዶ፣ ጨፍሮ፣ ኬክ በልቶ መጥቷል።

እምቢ የሚለው ቃል በባዩ አፍ ውስጥ የለም። ጥርሱን የምትነቅለው ሐኪም «ያማል?» ብላ ስትጠይቀው «ግድ የለም፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» የሚል ሰው ነው።

መተዳደሪያውም በልኩ የተሰፋ ነው። አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር ይገፋል። «ባዩ፣ ወደ ባሕሩ» ያሉትን ወደ ባሕሩ፣ «ባዩ፣ በረደኝ» ያሉትን ወደ ቤት፣ «ባዩ፣ አሁንም ወደ ባሕሩ» ያሉትን እንደገና ወደ ባሕሩ። የገፋው መንገድ በአንድ መስመር ቢዘረጋ ጎንደር ደርሶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ በተመለሰ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ባለፈው ጸደይ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለራሱ የፈለገው። የፈለገው ደግሞ ከልጁ ጋር አንድ ቀን ብቻውን መዋል ነው።

ልጁ ሳሌም አንድ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ በመስከረም ኽሮኒንገን ልትሄድ ነው። ኽሮኒንገን ማለት በሰሜን በኩል ሆላንድ አልቃ የተረፈው ነው። አባትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ፤ ወሬያቸው ግን ከበር መክፈቻ አይረዝምም።

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«ትምህርት እንዴት ነው?»

«ኽዎን።»

ኽዎን ማለት እንደተለመደው፣ ያው ነው፣ አትጠይቀኝ ማለት ነው። ሳሌም ከልጅነት እስከ ወጣትነት ያለውን ዘመኗን በሙሉ ለአባቷ በዚህች በአንዲት ቃል ተርካለታለች።

ታዲያ በአንድ እሑድ ሳሌም የጓደኛዋን ልደት አክብራ ስትመለስ ከጫማዋ እስከ ቅንድቧ ጭቃ ለብሳ ገባች። ብራባንት ውስጥ አንድ የግል ጫካና ሜዳ አለ። ልጆቹን እዚያ ወስደው ሆላንዶች ክዋድ የሚሉትን ባለ አራት ጎማ ሞተር አስነዷቸው። ሞተሩ ወፋፍራም ጎማ አለው፤ ጉድጓድ፣ አሸዋና ሥራ ሥር አይመርጥም። ሳሌም ይህን ሁሉ የነገረችው እራት ላይ ነው። እጇን እያዞረች፣ በአፏ እንደ ሞተር እየጮኸች፣ ሹካዋን መሪ አድርጋ አወራች። ባዩ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ከሳሌም አፍ የሰማው አራስ ቤት ውስጥ ስታለቅስ ነበር።

ማዕዱ ሲነሳ ተከትሏት ወጥ ቤት ገባ።

«እኛም እንግዛ» አላት።

«ማን ማን?»

«አንቺና እኔ።»

ሳሌም ጭልፋውን አስቀመጠች። «ሁለታችን ብቻ? ማሚም አትመጣም፣ ኦማም አትመጣም፣ ያ ጮክ ብሎ የሚያወራው ሰውዬም አይመጣም?»

«ጋሽ ግርማን ነው?»

«አዎ፣ እሱ።»

«እሳቸው በይ እንጂ ልጄ።»

«እሱም እሳቸውም አይመጡም። ቤሎፍት?»

«ቃሌ ነው» አለ ባዩ።

በሳምንቱ ሁለቱ በባቡር ሮተርዳም ሄዱ። ከከተማው ዳር፣ መጋዘን መጋዘን በሚሸትበት ሰፈር፣ ሮቢ የሚባል ጢሙ ጭቃ የመሰለ ሆላንዳዊ እነዚህን ሞተሮች ይሸጣል። ሮቢ ሻጭ ይሁን እንጂ የሚያስፈራ ሐቀኛ ነው። ለጀማሪ ትልቁ ሞተር አይሆንም አላቸው። አንድ መቀመጫ ያለው ላይ ሁለት ሰው መፈናጠጥ ክልክል ነው፤ ይገለብጣል አላቸው። ከዚያ ለሁለት ሰው ተብሎ የተሠራ፣ ከኋላ መደገፊያና እጀታ ያለው፣ ማርሽ የማያስቀይር አረንጓዴ ክዋድ አሳያቸው። ሳሌም ፊት ተቀመጠች፤ ባዩ ከኋላዋ ወጥቶ እጀታውን ጨበጠ። ሞተሩ አልተነሳም፤ ባዩ ግን ነፋሱ ፊቱን ሲመታው ታውቆታል።

«ልክ ነው?» አለች ሳሌም ሳትዞር።

«ልክ ነው።»

ሮቢ ወረቀቱን ሊያመጣ ተነሳ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህ ጽሑፍም አይኖርም፣ ባዩም ሰው ይሆን ነበር። ግን አፉን ከፍቶ፣ አባቱም አያቱም በዚህ ቦታ ይሉት የነበረውን አለ፦ «ቅዳሜ እመለሳለሁ። እስከዚያ ቤት ልማከርበት።»

ሳሌም አንገቷን አዙራ አየችው። «ምንድን ነው የምትማከረው?»

«ምንም። ለወጉ ነው። ለእናትሽ ብቻ።»

ተሽከርካሪ ሳይማከር የሚገዛ አበሻ እስካሁን አልተወለደም። ብቻውን የገዛ ሰው ጎማው ሲተነፍስ «ደብቆን ገዝቶ ነው» ይባላል፤ ብሎኑ ሲላላ የሚያዝንለት አያገኝም። ባዩም ለወጉ ለሚስቱ ለጥሩአየሁ ነገራት። ጥሩአየሁ አብረዋቸው ለሚኖሩት እናቷ፣ ሳሌም ኦማ ለምትላቸው ለእማማ ዓለምወርቅ ነገረች። እማማ ዓለምወርቅ ስልክ መጠቀም አልችልም ይላሉ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን ወሬው አምስተርዳም ኒው ዌስት ደርሶ፣ ምሳ በልቶ፣ በሮተርዳም በኩል ተመልሶ መጥቷል።

በመጀመሪያ የተናገሩት እማማ ዓለምወርቅ ናቸው። ሳሎን ውስጥ የክዋዱን ፎቶ በባዩ ስልክ ላይ አገላብጠው አዩ።

«ጋቢናው የቱ ጋ ነው?»

«ጋቢና የለውም እማማ። ነጂው ፊት ነው፤ ሌላው ከኋላው ይቀመጣል።»

«ሌላው ማነው?»

«ማንም… አንድ ሰው።»

«እኔ ልጄን ድሬልህ» አሉ እማማ ዓለምወርቅ ስልኩን መልሰው ጭኑ ላይ እያስቀመጡ፣ «ጀርባህን እያየሁ ልሂድ?»

ባዩ እርስዎ አይሄዱም ማለት ነበረበት። ሁለት ቃል ነው። እሱ ግን «ኧረ በፍጹም!» አለ። ይህ ደግሞ በአማርኛ አብረውን ይሄዳሉ ማለት ነው።

ማታ ጋሽ ግርማ ደወሉ። ጋሽ ግርማ የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ባዩንና ጥሩአየሁን አንድ ጊዜ ተጣልተው ያስታረቁ፣ ኒው ዌስት ተቀምጠው የሦስት ከተማ አበሻ የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። ስልክ ሲያወሩ ስልኩ የሚያስፈልጋቸው ለክብር ብቻ ነው፤ ዴን ሃግ ድረስ ያለ ስልክም ይሰማሉ።

«አንተ ባዩ! ከኮረኮንች ሸሽተን አውሮፓ ገብተን፣ አሁን ኮረኮንች ፍለጋ ገንዘብ እንከፍላለን?»

ባዩ እፎይ አለ። ጋሽ ግርማ ከተቃወሙ ነገሩ በእሳቸው በኩል አለቀ ማለት ነው። «ልክ ነዎት ጋሽዬ፣ ለእርስዎ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም? ይኼ አገር እኮ የላሟ መንገድ ሳይቀር አስፋልት ነው። ዳገት ማለት ድልድይ ነው። ወገቤ ከተናወጠ ስንት ዘመኑ! መቼ ነው የምንሄደው?»

ባዩ ዝም አለ። ዝምታው እሺ ተብሎ ተወሰደ።

«ደግሞ ቅዳሜ ተካልኝ ይመጣል» አሉ ጋሽ ግርማ። «ሞተር የሚያውቅ ሰው ሳይኖር እንዳትገዛ።»

ተካልኝ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ላዳ ታክሲ ይነዳ ነበር። ለእሱ በዓለም ላይ ያሉ መኪናዎች ሁሉ በሁለት ይከፈላሉ፦ ላዳ የሆኑና ላዳ መሆን ያቃታቸው።

ቅዳሜ ሳሌም የሱፐርማርኬት ሥራዋ ላይ ስለነበረች አልሄደችም። ጠዋት ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «አረንጓዴውን» አለችው። «አረንጓዴውን» አለ ባዩ። የሮቢ በር ሲከፈት ግን መጀመሪያ የገቡት እማማ ዓለምወርቅ ነበሩ፤ ቀጥሎ ጋሽ ግርማ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቀጥሎ ተካልኝ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ ቀጥሎ ጥሩአየሁ፣ መጨረሻ ላይ፣ በሩን ለሁሉም ይዞ የቆየው ባዩ።

ሮቢ ቆጠራቸው። «ሁለት ሰው ነን አላልክም ነበር?»

«ሁለት ነበርን» አለ ባዩ። «መንገድ ላይ በዛን።»

ተካልኝ አረንጓዴውን ክዋድ ዞረው። ጎማውን በጫማው መታ። ያልተነሳ ሞተር ላይ ጆሮውን አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። «ቾኩ የታለ?» አለ። ሮቢ ጥያቄው ሲተረጎምለት፣ ቾክ የሚለውን የድሮ ሞተር ማስነሻ ስም ከሟች አያቴ አፍ ነው የሰማሁት አለና ትንሽ ቆዘመ።

ከዚያም ለእነሱም ያንኑ ምክር ደገመላቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚነዳ ቤተሰብ ትንሽና ቀላል ይሻላል፣ ለምዳችሁ ታሳድጋላችሁ አላቸው። ጋሽ ግርማ ባዩን በክርኑ ያዙት።

«ሻጭ ሆኖ ትንሹን ውሰዱ ይላል? ትልቁን ለማን ሊያስቀምጥ ነው? ጠይቀው።»

«ጋሽዬ፣ ለደኅንነታችን ብሎ…»

«የእኛ ደኅንነት ምን አገባው? አያውቀን!»

ቀጥሎ የጋቢናው ጉዳይ ተነሳ። ሮቢ ጎን ለጎን ሁለት መቀመጫ ያለው፣ ጣራና በር ያለው፣ መኪና የመሰለ አወጣላቸው። ጋቢና አለው። ጋሽ ግርማ በሩን ከፈቱና እማማ ዓለምወርቅን «ይግቡ» አሏቸው።

«ኧረ እርስዎ ይግቡ።»

«ኧረ አይደረግም፣ እናት ቆማ!»

«የማኅበር ሙሴ ቆሞ እኔ ጋቢና? ምነው ሊያስቀስፉኝ ነው?»

«እማማ በእመብርሃን!»

«በመድኃኔ ዓለም ጋሽ ግርማ!»

ሮቢ የሚጣሉ መስሎት ወንበር አመጣ፤ ወንበሩንም እርስዎ ይቀመጡ ተባባሉበት። ከዚህ በላይ መቆም ያቃታት ጥሩአየሁ ነበረች መፍትሔውን ያገኘችው፤ ከአዳራሹ ጥግ እንደ ጎተራ የቆመውን ተሽከርካሪ አየችው። ፊቱ ለሦስት ሰው ወጥ ወንበር፣ ኋላው ለሦስት ሰው ወጥ ወንበር። ገበሬዎች ሠራተኛ ጭነው እርሻ ለእርሻ የሚዞሩበት ነው። ነጂው ይቀመጣል፤ አጠገቡ ሁለት ሽማግሌ ጋቢና ይገባል። ማንም ማንንም አይበልጥም። ጋሽ ግርማና እማማ ዓለምወርቅ በአንድነት «ይኼ ነው!» አሉ።

ሁሉም ወደ ባዩ ዞሩ። የመጨረሻው ቃል የእሱ ነዋ! ባዩ አረንጓዴውን ክዋድ አየ። ኋላው ላይ ያለው እጀታ እጁን የሚጠብቅ መሰለው። አፉን ከፈተ።

«እናንተ ካላችሁ» አለ።

ሳሌም ማታ ሰማች። ጮኸች ቢባል ባዩ ደስ ባለው። እሷ ግን «ኦኬ» አለች።

«ስድስት ወንበር ነው እኮ ሳሌምዬ! አንቺም ቦታ አለሽ።»

«ቃልህ ሁለት ነበር።»

«አሳፈሩኝ። ምን ልበላቸው?»

«ኔይ በላቸው።» ኔይ የሆላንዶች እምቢ ናት፤ እንደ ማስነጠስ አጭር ናት፣ እነሱም እንደ ማስነጠስ ነው በየቦታው የሚሏት።

«አንድ ቀን ብቻ ነይልኝ» አላት። «ለእኔ ብለሽ።»

ሳሌም ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። «እመጣለሁ» አለች ከበሩ ጀርባ። «ግን አልቀመጥበትም።»

ባለ ስድስት ወንበሩን የሙርዋይክ ፎቅ ላይ ማውጣት ስለማይቻል እዚያው ብራባንት፣ ሳሌም የነዳችበት ሜዳ ግቢ ውስጥ ማደሪያ ተከራዩለት። የመጀመሪያው ቀን ደረሰ። ጋሽ ግርማ ለክብሩ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። እማማ ዓለምወርቅ የራስ ቁር አድርጉ ሲባሉ ከሻሻቸው ላይ ደፍተው፣ ከቁሩ ላይ ደግሞ ነጠላቸውን ተከናነቡ፤ ጨረቃ ላይ ንስሐ ሊገቡ የሚሄዱ መሰሉ። የሜዳው አስተማሪ የሆነችው ሴት በሆላንድኛ ብዙ ነገር አስረዳች፦ እንዲህ ያለ ጭቃ ሲመጣ ቤንዚኑን አትርገጡ፣ ቢጫውን ቁልፍ ተጫኑ፣ አራቱም ጎማ አብሮ ይጎትታል፤ ይህን ትምህርት የወሰደና ዕድሜው ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ እዚህ ግቢ ውስጥ መንዳት ይችላል። ጋሽ ግርማ በየመሐሉ በሆላንድኛ እሺ ለማለት «ያ ሆር፣ ያ ሆር» ይላሉ። ተካልኝ መሪውን እየዳበሰ ላዳውን ያስታውሳል። ከልቧ ያዳመጠች ሳሌም ብቻ ናት፤ እሷን ግን ማንም ምን አለች ብሎ አልጠየቃትም።

ተካልኝ መሪ ላይ ወጣ። እማማ ዓለምወርቅና ጋሽ ግርማ፣ ማን መጀመሪያ ይግባ በሚለው ላይ ተከራክረው ተከራክረው፣ ጋቢና ገቡ። ጥሩአየሁ ከኋላ ገባች። አጠገቧ የቋንጣ ፍርፍር የሞላው ትልቅ ድስት ተቀመጠ፤ እንዳይገለበጥ ቀበቶ ታሰረለት። አንድ ቦታ ቀረ።

«ሳሌም ትግባ» አለ ባዩ።

«አልገባም ብያለሁ።»

«እንግዲያውስ አንተ ግባ» አለች ጥሩአየሁ።

ባዩ አንድ እግሩን አወጣ። ሳሌም አላየችውም፤ አጥሩ ላይ ተደግፋ ዛፍ ነው የምታየው። እግሩን መልሶ አወረደው። «በኋላ፣ በኋላ እገባለሁ» አለ። ተካልኝም ቤንዚኑን ረግጦ፣ እማማ ዓለምወርቅ ሥላሴን ከነመላእክታቸው እየጠሩ፣ ጫካው ውስጥ ገቡ።

አባትና ልጅ አጥሩ ሥር ቀሩ። ባዩ የተመኘው ቀን ይኼው ነበር፤ ሁለቱ ብቻ።

«በላሽ?» አለ።

ሳሌም ልትስቅ ስትል ከጫካው ውስጥ የጋሽ ግርማ ድምፅ መጣ። የብራባንት ወፎች በሙሉ ተነሱ።

«ባዩዩዩ! ና ግፋ!»

ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ የጭቃ ኩሬ አለ። ተካልኝ ላዳ እንዲህ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል ብሎ መሐሉ ገብቶ፣ ረግጦ፣ ረግጦ፣ ጎማውን ቀብሮታል። ማንም አልወረደም። ጋሽ ግርማ በሙሉ ልብስ ናቸው፤ እማማ ዓለምወርቅ በነጭ ናቸው፤ ጥሩአየሁ ድስቱን ይዛለች። ባዩ ሱሪውን ሳይሰበስብ ገባ፤ መግፋት ሥራው ነው። ትከሻውን አስደግፎ ሲታገል፣ ከአጠገቡ ጭቃው ጯ አለ። ሳሌም ነበረች።

«ቢጫ ቁልፍ አለው እኮ» አለችው በጆሮው።

«ለምን አትነግሪውም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ገፉ። ጎማው ጭቃውን ሁሉ አንስቶ ሁለቱ ላይ ደፋውና፣ ባለ ስድስት ወንበሩ ተነቅሎ ወጥቶ፣ «ተባረኩ!» የሚል ድምፅ ወደ ኋላ እየተወረወረ፣ ሄደ። ጭቃው ውስጥ ቆመው ተያዩ። ሳሌም የአባቷን ፊት አይታ ሳቀች። ከዚያ ቀጥ ብላ አየችው።

«ፓፓ፣ ለምን ነው እምቢ የማትለው?»

ባዩ ጭቃውን ከጢሙ ላይ ጠረገ። «አባቴ ቤት» አለ ቀስ ብሎ፣ «እምቢ ያለ ልጅ አልነበረም። እንዴት እንደሚባል ያየሁት አንቺ ስትይው ነው።»

ሳሌም ክንዱን ያዘችው። በጫካው መንገድ ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። ስለ ኽሮኒንገን ነገረችው፤ ክፍሏ መስኮቱ ወደ ቦይ እንደሚያይ፣ ብቻዋን መተኛት ትንሽ እንደሚያስፈራት። ባዩ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነበር የሚራመደው። ደፍሮ ቢተነፍስ የምታቆም መሰለው።

መንገዱ ክብ ነው። ባለ ስድስት ወንበሩ ዞሮ ዞሮ ከፊታቸው መጣና ቆመ።

«ባዩ!» አሉ ጋሽ ግርማ ከጋቢና። «አንድ ቦታ አለ፣ ግባ እንጂ! በእግርህ ልትጨርሰው ነው? ልጅቷ ትጠብቅሃለች።»

ሳሌም እጇን ከክንዱ ላይ አነሳች። ባዩ ጋሽ ግርማን አየ፣ ሳሌምን አየ። ያችን ቃል ፍለጋ ሆዱ ውስጥ ገባ፤ ጉበቱን፣ ሳንባውን ፈተሸ፤ አጣት። ያገኘው ይህን ብቻ ነበር፦

«እግሬን… ትንሽ ስላመመኝ፣ ላፍታታው ብዬ ነው ጋሽዬ።»

ይህ ባዩ በሕይወቱ ካለው ሁሉ ለእምቢ የቀረበው ነው። ግን ለማን እንደተናገረው ረስቷል። አሞኛል የተባለ አበሻ መች ዝም ብሎ ይቆማል!

«እግሩን!» አሉ እማማ ዓለምወርቅ፣ ነጭ መልበሳቸውንም ረስተው ጭቃው ላይ ዘለሉ። ጋሽ ግርማ ከዘራቸውን ጥለው ወረዱ። ተካልኝ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ጥሩአየሁ «ቀድሞም ሳየው ያነክስ ነበር!» እያለች ወረደች። ባዩ «ኧረ ደህና ነኝ» ማለት ሲጀምር ከመሬት ተነስቷል። አራት ሰው ተሸክሞ ጋቢና አገባው፤ ቀበቶ አሰሩለት፣ ቁር ደፉለት፤ እግሩን አንስተው በጋሽ ግርማ ኮት ላይ አስደገፉት። አንዱ ወጌሻ፣ አንዱ ጠበል፣ አንዱ ሆስፒታል ይላል። በክርክሩ መሐል መሪው ባዶ መሆኑን ያየ አልነበረም።

ሳሌም ቁሯን አጥልቃ ወጥታ ተቀመጠች።

«ጋሽ ግርማ፣ እርስዎ ይረፉ» አለች። «እኔ እወስደዋለሁ።»

ጋሽ ግርማ ከሳሌም አፍ እርስዎ ሲባሉ የመጀመሪያቸው ነበርና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አየህ ባዩ፣ አየህ!» አሉ። «ልጅ ማለት ይቺ ናት!»

ሳሌም ቢጫውን ቁልፍ ተጫነች። ባለ ስድስት ወንበሩ በዚያው ጭቃ ላይ እንደ ዳክዬ ተንሳፍፎ አለፈ። ከኋላቸው የምርቃት ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ተከተላቸው፤ ከዚያ የጥሩአየሁ ጩኸት «ድስቱ! ድስቱ!» እያለ መጣ። ድስቱ ቀበቶውን እንዳሰረ ኋላ ተቀምጦ ነበር።

መንታ መንገድ ላይ ደረሱ።

«መውጫው በግራ ነው» አለ ባዩ እግሩን እንደሰቀለ።

«አውቃለሁ» አለች ሳሌም፣ በቀኝ ታጥፋ። «የትኛው እግርህን ነው ያመመህ?»

ባዩ አሰበ። «ቀኙን።»

«የሰቀሉልህ ግራውን ነው።»

ባዩ ግራ እግሩን አየው። ወደ ኋላ ዞረ። በዛፎቹ መሐል ርቀው አራት ሰዎች ጭቃ ላይ ቆመዋል፤ አንደኛዋ በነጭ ናት፤ ጋሽ ግርማ እጃቸውን ያውለበልቡለታል። ሙሉ ልብስ ለብሰው መጥተው፣ ሳይበሉ፣ በእግራቸው…

ሳሌም ፍሬኑን ያዘች። ወደ እሱ ዞረች። «እንመለስ?» አለችው። «አንተ ካልክ እመለሳለሁ።»

ሞተሩ ያጉረመርማል። ባዩ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

«እስቲ» አለ፣ «አስብበታለሁ።»

ሳሌም አፍጥጣ አየችው። ስንት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ለእነዚያ ሁለት ሴቶች ሻይ ስታቀርብ ያደገች ልጅ ናት። ቁሯ ውስጥ ሳቋ ሲያስተጋባ ተሰማ፤ ቤንዚኑንም ረገጠችው።